መካሪ አላሳጣኝም

ጠቅ። ጠቅ። ከዚያ ዝም።

ታኅሣሥ ውስጥ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጀሞ። መስታወቱ ላይ ጤዛው እንዳለ ነው። ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ ይሉና ወዲያው ይፈዛሉ። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሰው አንዴ ይነቃነቅና ተመልሶ ይተኛል። መኪናዬ የ2003 ሞዴል ቪትዝ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ እህቶቿን ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

ምርመራው የተጀመረው ኮፈኑ ሳይከፈት ነው። ዘበኛችን ከተቀመጠበት ሳይነሣ "ባትሪ ነው" አለ። መኪና የሚያጥበው ልጅ "ኧረ ሞተሪኖ ነው፣ ድምፁን አልሰማችሁም?" አለ። ከአንደኛ ፎቅ አንዲት እናት በመስኮት ብቅ ብለው "ነዳጅ አላት ግን?" አሉኝ። ነዳጅ አላት። ሁለት ጎረምሶች "እንግፋት" ብለው ከኋላ ተደገፉ። ይሄኔ ጋሼ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ደረሱ።

"ምን ልታደርጉ ነው? ኦቶማቲክ እኮ ናት! እስከ ዓለም ባንክ ሠፈር ብትገፏት አትነሣም!"

ጋሼ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ነድተዋል። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ አሰብ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጅቡቲ ሲመላለሱ ነው የኖሩት። ግቢያችን ውስጥ ስለ መኪና የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። እኔም እንደ አባት ነው የማያቸው።

አንድ የታክሲ ሹፌር አስቁመው ገመድ አስመጡ። አገናኙን የመሩት ራሳቸው ናቸው። ቀዩን ገመድ ከፖዘቲቭ ፖዘቲቭ አስያዙ። ጥቁሩን ከታክሲው ነጌቲቭ አነሡና የሌላውን ጫፍ የእኔ ባትሪ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ካለ ባዶ ብረት ጋር አስያዙት። ሹፌሩ "ባትሪው ላይ ቢሆን ምን አለበት?" ሲላቸው ገላመጡት። "ባትሪ ጋዝ ያወጣል፤ መጨረሻ ላይ ስታገናኝ ደግሞ ብልጭታ አለ። ፊትህን ትጠላዋለህ?" ልክ ናቸው፤ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፣ ሃይድሮጂን ደግሞ ለመፈንዳት ብዙ አይለመንም።

ተነሣች። ባትሪው ራስ ላይ ነጭና ሰማያዊ ቅርፊት ተጋግሮ ነበር። ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጬ እንዳፈስበት ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው። አረፋውን እየደፈቀ ጸዳ። ይህ ጽዳት ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። አንዳንድ ቀን ትነሣለች፣ አንዳንድ ቀን ታስለምነኛለች። በሦስቱ ሳምንታት የሠራሁት ሥራ ምክር መሰብሰብ ነው።

እናቴ ስትመርቀኝ "መካሪ አያሳጣሽ" ትለኝ ነበር። ምርቃቱ ሠርቷል።

የጋሼ ምክር አንድ ነው፤ ክዳኑ የሚከፈት፣ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ግዢ። "ደረቅ ባትሪ የሚሉት ቆርቆሮ ነው። ውስጡን የማታይበትን ነገር እንዴት ታምኛለሽ?" ደረቅ ባትሪ ስንል እውነት ደርቆ አይደለም፤ ውስጡ አሲድና ውሃ አለ፣ ክዳኑ ብቻ ነው የታሸገው። ጋሼ ግን መስታወት የመሰለች የአሲድ መለኪያ አላቸው፣ ውስጧ ተንሳፋፊ ያላት። ከሶፋቸው አጠገብ ካለው ኮመዲኖ አውጥተው አሳዩኝ፣ በጨርቅ ጠቅልለዋታል። ስድስቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ከፍቶ በዚያች መለካት፣ የጎደለውን በተጣራ ውሃ መሙላት፣ ከዚያ አፋርን ማቋረጥ። በዚያ ሙቀት ውሃው ይተናል። ካልጨመሩበት ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይራቆታሉ፣ ባትሪው ያልቃል። መንገድ ላይ ቀርቶ ማደር ደግሞ እዚያ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ምክራቸው የልብ ወለድ አይደለም፤ በላብ የተገዛ ነው። ብቻ እኔ ከጀሞ ሜክሲኮ ነው የምነዳው።

ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ በሌላ በኩል መጣ። "ሲሲኤውን እዪ! ሌላ ነገር አትዪ። ትልቁን ሲሲኤ ግዢ።" ሲሲኤ የሚለው ባትሪው በብርድ ሞተር ለማስነሣት ያለውን ጉልበት ነው። የአሜሪካኖቹ መለኪያ ባትሪውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያቀዘቅዙትና፣ ለ30 ሰከንድ ስንት አምፔር መስጠት እንደሚችል ያያሉ። እሱ የሚኖርበት ከተማ ጥር ላይ ከዚያም በታች ይወርዳል። አንድ ክረምት ሙሉ መኪናውን አካፋ ይዞ እንደ ድንች ከበረዶ ሲያወጣ በቪዲዮ አሳይቶኛል። የጀሞ ታኅሣሥ ብርድ ቢሆንም ውሃ በባልዲ ደጅ አሳድረን ጠዋት ፊታችንን እንታጠብበታለን። ይህን ስነግረው "ቢሆንም" አለኝ። ውጭ አገር ያለ ሰው "ቢሆንም" ካለ ክርክሩ አልቋል።

የሥራ ባልደረባዬ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ የጃፓን ባትሪ እንድገዛ መከረኝ፤ "ያገለገለ ጃፓን ከአዲስ ቻይና ይሻላል" የሚለው አባባል ለጎማም ለፍሪጅም የሚሠራ ይመስለዋል። ለበር ለመስኮት ምናልባት። ባትሪ ግን ቢቀመጥም ያረጃል። እሱ ራሱ ባለፈው ዓመት የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። በ2016 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ቢሯችን ውስጥ ሦስተኛው ነው። "እኛ እንግዲህ ከባትሪ ጣጣ ወጥተናል" እያለ ሲስቅብኝ ከርሞ አንድ ሰኞ በሩ አልከፈትለት አለ። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ልክ እንደ እኔዋ ያለች ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላት። በሩን፣ መብራቱን፣ ኮምፒውተሩን የምታስነሣው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ቢሞላም መኪናው አይሄድም። አልሳቅሁበትም። ትንሽ ነው የሳቅሁት።

አራተኛው መካሪ ላይ ቆም ልበል፤ ቁስሌ እዚያ ነው።

ሰባት ዓመት መኪናዬን የወሰድኩበት ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ ጨዋ፣ ቡና ሳያስጠጣ የማይሸኝ። ያለፈውን ባትሪ የገዛልኝ እሱ ነው። "እህቴ፣ ተያቸው፣ እኔ ትልቅ አደርግልሻለሁ። 60 አምፔር ካስገባሽ ዓመታት አታስቢም።" የቪትዝ መደበኛዋ 35 አምፔር አካባቢ ናት፤ ይህ አምፔር ሲሲኤው ሳይሆን ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው። ትልቅ ይሻላል የሚለው ነገር ለእንጀራ ምጣድም ለቤትም እውነት ስለሆነ ለባትሪም እውነት መሰለኝ። ዋጋውን ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። እኔ! የሒሳብ ባለሙያዋ! ቀን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስፈትሽ የምውለው ሴትዮ! ይሉኝታ ያዘኝ። ሰባት ዓመት ቡና ያጠጣሽን ሰው ደረሰኝ አምጣ ትይዋለሽ?

ባትሪው መቀመጫው ላይ አልገባም። ከአሮጌ ጎማ በተቀደደ ላስቲክ ጠፍንጎ አሰረው። ፖዘቲቩ በሌላ በኩል ስለነበረ ገመዱ እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ ነው የደረሰው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠጠራማ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት ከውስጥ በኩል ብረቱ ላይ የ10 ሳንቲም የምታህል ጥቁር ነጥብ አየሁ። ባትሪው ሲዘል ፖዘቲቩ ኮፈኑን ነክቶታል። ነጥቧ አሁንም አለች። ዘይት ባየሁ ቁጥር አያታለሁ። ባትሪው በዓመት ከመንፈቅ ተልፈሰፈሰ። ሰውየው "ዕድል ነው እህቴ" አለኝ፤ ቡናም አስጠጣኝ።

ሌባ ነው ብዬ አላስብም፣ እስካሁን። ለማንም የሚያደርገውን ነው ያደረገልኝ። እኔም የጠየቅሁት "ጥሩ ነው?" ብዬ ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከ"አዎ" ሌላ መልስ የሰጠ ሻጭ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ አሁን ሌላ ሰው ፈለግሁ። ገመድ ያበደረን ታክሲ ሹፌር የጠቆመኝ ልጅ ሳሪስ አካባቢ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። መጀመሪያ የገረመኝ "ባለቤትሽ የለም?" አለማለቱ ነው። በዚህ ሦስት ሳምንት ስንቱ ሱቅ ይህን ጠይቆኛል። ባል ቢኖረኝ ባትሪው ላይ ምን እንደሚጨምር እንጃ።

"እትዬ፣ መቼ ነው የተገዛው? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ? ማታ አላርም ትተይበታለሽ?" አለኝ። እየጠየቀ ማስታወሻ አይይዝም፤ ቴስተሩን ግን አውጥቷል። ይህች ቢጫ ሳጥን ከሦስት ሳምንት ምክር ሁሉ በላይ አሳመነችኝ።

ሌሊቱን ያደረችውን መኪና ሳትነሣ ለካት፤ 12.1 ቮልት። "ባትሪ ውስጥ ስድስት ክፍል አለ። አንዱ ሁለት ቮልት ከምናምን ነው። ሲሞላ 12.6 መሆን አለበት። 12.1 ማለት ከግማሽ በታች ነው።" ከዚያ "አስነሺ" አለኝ። ሳስነሣ ቁጥሩ ወርዶ 8.8 ደረሰ፣ ተንቀጥቅጣ ተነሣች። "ከዘጠኝ ተኩል በታች ሲወርድ ደክሟል ማለት ነው።" ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ለካ፤ 14.2። "ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞሽ ጤነኛ ነው። እሱ ቢሆን ኖሮ አዲስ ባትሪ ብትገዢም በሳምንቱ ትመለሺ ነበር።" በመጨረሻ መኪናዋ ጠፍታ፣ በሩ ተዘግቶ ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ነገር እንዳለ አየ። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነበር። ይህም ደህና ነው።

"እና ባትሪው ሞቷል?"

"ዛሬ አልልሽም። ትተሽልኝ ሂጂ፣ ሌሊት ቻርጅ ላድርገው። ነገ አስቀምጬ ከሰዓት እለካዋለሁ። ከያዘ አትግዢ።"

አልያዘም። ሞልቶ አሳድሮት በማግሥቱ ከሰዓት ወደ 12.2 ወርዷል። ደወለልኝ። "እትዬ፣ ይቅርታ፣ አልሆነም" አለኝ። የሕመምተኛ ዘመድ የሚያጽናና ነበር የመሰለኝ።

ይሄኔ ነው ዛሬም ድረስ የማስታውሰውን ነገር ያለው። "ተክለሃይማኖት አንድ ሱቅ አለ፣ ከእዚያ ከገዛሽ እኔ 200 ብር አገኛለሁ። ከሌላ ቦታም መግዛት ትችያለሽ፣ እገጥምልሻለሁ። ብቻ ቁጥሩ ይሄ ይሁን" ብሎ ወረቀት ላይ 34ቢ19ኤል ብሎ ጻፈልኝ። የጃፓኖቹ ቁጥር ነው፤ 34 የጉልበቱ ደረጃ፣ ቢ የስፋቱና የቁመቱ ልክ፣ 19 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር፣ ኤል ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው በኩል እንደሆነ ያመለክታል። አር የሚል ካለ ገመዱ ክራር ይሆናል። ያችን የኮፈን ጥቁር ነጥብ አሰብኳት። አንድ ፊደል ናት ለካ።

የ200 ብሩን ነገር ሥራ ላይ ሳወራ አንዷ "ታዲያ ደላላ ነው ማለት ነው" አለች። እኔ ተቃራኒው ተሰማኝ። ኮሚሽን የማይበላ መካሪ አለ ወይ? ጋሼም ኮሚሽን አላቸው፤ አሰብን ባወሩ ቁጥር ሃያ ዓመት ወጣት ይሆናሉ። ወንድሜም አለው፤ ሩቅ ሆኖ ለእህቱ የሚጠቅም መሆን። የባልደረባዬ ኮሚሽን መሳቅ ነው። ልጁ ግን የራሱን ጮክ ብሎ ነገረኝ፣ በብር። እኔ በቁጥር የተጻፈ ነገር አነባለሁ፤ ሥራዬ ነው።

ቅዳሜ አብረን ተክለሃይማኖት ሄድን። ባለ ሱቁ የመጀመሪያ ጥያቄው የታወቀው ነው። "ከነቫቱ ነው ያለ ቫት?" ያለ ቫት ከሆነ 15 በመቶው ይቀራል፣ ደረሰኙም ይቀራል፣ የአንድ ዓመት ዋስትናውም "በእኔ ይሁንብሽ" ወደሚል ይለወጣል። በእኔ ይሁንብሽን አንዴ ገዝቼዋለሁ። ከነቫቱ አልኩ። የብሩ ምንዛሪ በ2016 ሐምሌ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ያስደነግጣል፤ 15 በመቶ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ። ቢሆንም። (ወንድሜን ተዋስኩት።)

ሁለት ባትሪ አቀረበ። መጠናቸው አንድ፣ የተጻፈባቸው አምፔር አንድ፣ አንዱ ግን ረከስ ይላል። "ልዩነቱ ስሙ ነው" አለ ባለ ሱቁ። ልጁ ሁለቱን በሁለት እጁ አንሥቶ ዝም አለ። ሱቁ ጥግ ላይ አሮጌ ባትሪ በኪሎ የሚገዙበት ሚዛን አለ። "በዚህ ብንመዝናቸውስ?" አልኩ። ባለ ሱቁ ሳቀ፤ አልከለከለም ግን። አንዱ 9 ኪሎ ከ400፣ ሌላው 8 ኪሎ ከ100 መጣ። ባትሪ ማለት በብዛት እርሳስ ነው። ኪሎው ከጎደለ የጎደለው እርሳሱ ነው፤ የተለጠፈው ወረቀት ያው ይሁን እንጂ። ባለ ሱቁ ራሱ ሚዛኑን ደጋግሞ አየው። "እውነትም" አለ። የማያውቀው ነገር ይመስል ነበር። ምናልባትም አያውቀውም።

ከባዱ ላይ የተሠራበትን ቀን ፈለግን። የዚህኛው ፊደልና ቁጥር ነው፤ ፊደሉ ወር፣ ቁጥሩ ዓመት፤ ኤ ጃንዋሪ ቢ ፌብሩዋሪ እያሉ መቁጠር ነው። ስድስት ወር አልሞላውም። መደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ሌላ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በላይ የተቀመጠ፣ እንደ አዲስ የሚሸጥ። ይህ ዕቃ ሳይሠራም ያልቃል።

ስመለስ ማታ ስለ ባትሪ ሳነብ አመሸሁ፤ ልክፍት ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ በ1859 እ.ኤ.አ. ነው ይህን የእርሳስና የአሲድ ነገር የሠራው። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ከማሠራታቸው በፊት ማለት ነው። ስልካችን በየዓመቱ ይለወጣል፤ ኮፈኔ ሥር ያለው ግን በመሠረቱ ያው የቴዎድሮስ ዘመን ዕቃ ነው። ምናልባት ለዚህ ነው ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለው።

ልጁ ሲገጥም መጀመሪያ ነጌቲቩን ፈታ፣ ሲያስር መጨረሻ ላይ ነጌቲቩን አሰረ። ባትሪው መቀመጫው ላይ ልክ እንደ መሶብ ክዳን ገባ። ላስቲክ የለ፣ ክራር የለ። አሮጌው በኪሎ ተመዝኖ ከዋጋው ተቀነሰልኝ። የሠፈራችን ቆራሌው ከሳምንት በፊት የሰጠኝን ዋጋ አስታወስኩና ዝም አልኩ።

ወንድሜ ማታ ደወለ። "ሲሲኤው ስንት ነው?" ነገርኩት። "አይ! በረዶ ሲመጣስ?" አለኝ። የእኛ በረዶ ከላይ ወርዶ ጣራ እንደሚመታ፣ አሥር ደቂቃም እንደማይቆይ አስረዳሁት። "ቢሆንም" አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጤዛው እንዳለ ነው። ቁልፉን አዞርኩ፤ ገና ጣቴን ሳላነሣ ተነሣች። ዘበኛው "አላልኩሽም? ባትሪ ነው" አለ። ጋሼ በጋቢያቸው ሆነው ደረጃው ሥር ቆመዋል፤ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው አዳመጡ።

"ጎበዝ! ልጄ ሰማሽኝ ማለት ነው። ውሃ የሚጨመርበትን ነው አይደል የገዛሽው?"

ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው። መስታወቱን ዝቅ አደረግሁ።

"አዎ ጋሼ።"

እሑድ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። በአንድ እጃቸው የተጣራ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በሌላው ያቺ በጨርቅ የተጠቀለለች መለኪያ።

"ቁልፉን ይዘሽ ውረጂ እስቲ" አሉኝ፣ "እንየው።"